በአፋቸው የሚነዱት ጋሽ ወንዳወቅ

በአገራችን አንድ መኪና ሁለት ሹፌር አለው። አንደኛው መሪ ጨብጦ ይነዳል፤ ደመወዙም ቅጣቱም የእሱ ነው። ሁለተኛው ጋቢና ተቀምጦ በአፉ ይነዳል፤ ደመወዝ የለው፣ ቅጣት የለው፣ መንጃ ፈቃድ የለው፣ ድካም የሚባል ነገር አያውቅ። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ፣ ወይ መኪና ተሳፍሮ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

የእኛው፣ የፍኖተ ሰላሙ፣ ክቡር ጋሽ ወንዳወቅ ይባላሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሞተር ብስክሌት እንኳ ነድተው አያውቁም። የፎር ዊል ነገር ከተነሣ ግን ከዚህ እስከ ባሕር ዳር የሚስተካከላቸው የለም። ካልተነሣም ራሳቸው ያነሡታል። ለመስክ ሥራ ሲወጡ ሠላሳ ዓመት ጋቢና ተቀምጠው፣ አሥራ አንድ ሹፌር አስመርረው፣ ሁለቱን ሥራ አስለቅቀው የቀሰሙት ዕውቀት ነው።

"ስማኝማ ልጄ!" ብለው ይጀምራሉ። ይቺን ስትሰማ ቀጠሮ ካለህ እርሳው። "መኪና አራት ጎማ ስላላት በአራቱም የምትሠራ ይመስልሃል?" አዎ ካልህ ጠፋህ። አይ ካልህም ጠፋህ፤ እንዴት አወቅህ ብለው ከሥሩ ይጀምሩልሃል። "ሞተሩ የሚያዘው የኋላዎቹን ሁለቱን ነው። የፊቶቹ እንግዳ ናቸው! ከኋላ ሲገፏቸው ይንከባለላሉ እንጂ ሥራ የላቸውም። ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ማርሽ ስትስባት ነው ኃይሉ ተካፍሎ ወደ ፊትም የሚሄደው። ያን ጊዜ እንግዳው ከመደቡ ተነሥቶ ያግዛል!" ይህን ሲሉ ዓይናቸው ያበራል፣ እጃቸው ይሽከረከራል፣ ፊታቸው ያለው የሻይ ብርጭቆ ካልተነሣ ይደፋል።

ዲፈረንሻል ላይ ሲደርሱማ አይጣል ነው። "በሁለቱ ጎማዎች መሐል አንድ ዳኛ አለ። ደግ ዳኛ ነው፣ ግን ጭቃ ሲመጣ ፍርዱ ይጣመማል። ኃይሉን ሁሉ ለሚቀለው ጎማ ይሰጣል። ጭቃ ውስጥ የገባው ይጨፍራል፣ ደረቅ የረገጠው ቆሞ ያያል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ልክ እንደኛ መሥሪያ ቤት።" አንድ ቀን ይህን ሲሉ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከጀርባቸው ቆመው ነበር። ጋሽ ወንዳወቅ አልደነገጡም፤ "እርስዎም ይስሙት፣ ይጠቅምዎታል" ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው።

ለቅሶ እንኳ አይምሩም። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችንን አስከሬን አራት ሰው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ከፊት በግራ በኩል የነበረው ሰው ቦይ ውስጥ ገባና ተንገዳገደ። ሦስቱ ጸንተው ያዙት፤ ሳጥኑ ሳይወድቅ ቀረ። ሰው ሁሉ "የማርያም ያለህ!" ሲል ጋሽ ወንዳወቅ ክንዴን ጨብጠው ጮኹ። "አየህ! አንዱ ቢከዳ ሦስቱ ያወጣሉ! ፎር ዊል ማለት ይሄ ነው!" የሟች ሚስት ለቅሶዋን አቋርጣ ዞር ብላ አየችን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እኔ እንግዲህ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የጋይንት ሰው ነኝ፤ ትዕግሥቴም አጭር ነው። አንድ ቀን ፎር ሎው ስለሚባለው ከባድ ማርሽ ሲያስረዱ አላስችል አለኝና ገባሁባቸው።

"ጋሽ ወንዳወቅ፣ ይሄ እኮ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት መጨመር ነው። ዘጠነኛ ክፍል እናስተምረዋለን።"

"ዘጠነኛ ክፍል ጭቃ አለ?"

"ጭቃ? የለም።"

"እንግዲያው አላስተማራችሁትም" አሉኝና ቀጠሉ።

ታዲያ እኚህን ሰው ሽማግሌ አድርጌ ለትዳር ላክኋቸው። ምን ላድርግ? ዘመድ አዝማድ በሌለበት አገር ነው የምኖረው፤ የወደድኋት ሠርክአዲስ ደግሞ ከእኛው ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ከሽንዲ ወዲያ ያለ የአንድ ኮስታራ ገበሬ የአቶ ይርሳው ልጅ ናት። ጋሽ ወንዳወቅ በወጣትነታቸው እዚያው ወምበርማ ወረዳ ሠርተዋል፤ አገሬው ያውቃቸዋል፣ ያከብራቸዋል። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ሆነ፦ የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረሰንበት፣ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አቶ ዳኘው፣ እና ክቡርነታቸው።

በሚያዝያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ጋሽ ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም እስከዚያ ድረስ ትንፋሽ ሳይወስዱ አስተማሩ። አቶ ዳኘው፣ ንግግር ሊያደርጉ ተዘጋጅተው የሄዱት ሰውዬ፣ ራሳቸውን በነጠላ አስረው ገቡና ያጠኑትን በሙሉ ረሱት። አቶ ይርሳው ሰምተው "ሐምሌ ላይ ኑ፣ መልስ እሰጣለሁ" አሉ። ቀኑንም ቆረጡ። ሐሙስ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሽማግሎች ቀጥረዋል። ቡሬ ውስጥ ቤትም መኪናም ያለው የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ነው የላካቸው።

ሠርክአዲስ በዋዜማው ደወለችልኝ።

"አባቴ ቀጠሮ ላፈረሰ ሰው ሁለተኛ ደጁን አይከፍትም፤ እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁ ነው።"

"ያንን የቡሬውን ልጅ እኔ መልኩንም አላውቀው። በሰዓታቸው ይድረሱ። በእናትህ!"

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ እኔም አልተኛሁ። መንገዱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። የተከራየሁት መኪና አሮጌ ሃርድቶፕ ነው። ሹፌሩ ትዕዛዙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የለመደው የባሕር ዳር ሚኒባስ ነው። በዚህ ላይ ጋሽ ወንዳወቅ ሦስት ሰዓት ጆሮው ሥር "ስማኝማ!" ቢሉት ገደል ይዞን ይገባል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰልችተውኛል። ለቄሱ ክብር ጋቢናውን ሲለቁ ዝም ይላሉ ብዬ ነበር፤ ይባስ ብለው ከኋላ ወንበር አንገታቸውን በሁለቱ ወንበሮች መሐል አሾልከው እስከ ቡሬ አስፋልቱን አስተማሩት።

ቡሬ ቁርስ ስንበላ ቄሱን ለብቻ ጠራኋቸውና "አባቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እኚህን ሰውዬ ይገዝቱልኝ" አልኋቸው። ቄስ ገብረሰንበት ሳቅ ይወዳሉ። ሳቁና እሺ አሉ። ተነሥተን ልንሄድ ስንል መስቀላቸውን አወጡ።

"ወንዳወቅ፣ የአቶ ይርሳው ደጅ እስክንደርስ ስለ መኪና በቃልም በምልክትም እንዳትናገር ገዝቼሃለሁ።"

ጋሽ ወንዳወቅ ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ። "አባቴ፣ ስለ መንገዱስ?"

"ስለ መንገዱም።"

"ስለ ጎማስ?"

"ጎማ ከመኪና ሌላ ነው እንዴ? ስለ ጎማም!"

መስቀሉን ተሳለሙና ገብተው ተቀመጡ። ግዝት ግዝት ነው፤ የጎጃም ሰው ደግሞ በግዝት አይቀልድም። ከቡሬ እስከ ሽንዲ አንድ ቃል አልወጣቸውም! እኔ በደስታ ልበር ደረስሁ። "ዝም አይነቅዝም" ያለው ማን ነበር? አፌ ቁርጥ ይበልለት አልሁ። አቶ ዳኘው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ትዕዛዙ ማፏጨት ጀመረ። ሽንዲን ስናልፍ ገና አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ከሽንዲ ወዲያ ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አንድ ቁልቁለት አለ፣ ከሥሩ ረግረግ። ትዕዛዙ ቆመና አየው። ከዚያ እንደ ጀግና ትንሿን ማርሽ ሳበ፤ ፎር መግባቱን የምትናገረው መብራት ቦግ አለች። "ፎር ገብቷል፤ አይዟችሁ!" ብሎ ገባበት። መሐሉ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠችና ቁጭ አለች። ነዳጁን ሲረግጠው የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ወደ ሰማይ ይረጩታል፤ እኛ እንሰምጣለን። ሲረግጠው እንሰምጣለን።

"ፎር አስገብቻለሁ እኮ! ምን ሆነች?" ይላል ትዕዛዙ፣ መብራቷን በጣቱ እየመታ።

ወረድን። ድንጋይ አመጣን፣ ቅጠል ቆርጠን ነሰነስን። ከማሳቸው ስምንት ገበሬዎች መጥተው "ሆ በል! ግፋ!" እያሉ ገፉ፤ የአቶ ዳኘው ነጭ ጋቢ ጭቃ ለበሰ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ከሩብ ሆነ። በእግር እንዳይሄዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ማዶ ሠርክአዲስ ደጅ ደጁን እያየች ነው፤ እኔ እዚህ ጉልበቴ ድረስ ተዘፍቄ ሰው ላይ እጮኻለሁ። ቄሱን ገፋ ያድርጉ ልል ምንም አልቀረኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል ጋሽ ወንዳወቅ ብቻቸውን መኪናዋን ይዞራሉ። ከፊት ጎማው ዘንድ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ያያሉ፤ ያቃስታሉ። ጣታቸው ሊያመለክት ሲነሣ በሌላው እጃቸው ቀልበው ከጀርባቸው ይሸሽጉታል፤ ምልክትም ተገዝቷላ! ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ እንደገና ይዞራሉ። እኔ መጀመሪያ ማስተማር አምሯቸው ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ኋላ ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ እንባቸው እየወረደ ነው። የእኔ ጉዳይ ነው የሚያስለቅሳቸው! ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ገባኝ።

"አባቴ፣ ይፍቷቸው!" አልሁ ወደ ቄሱ እየሮጥሁ። "እኚህ ሰው የሚያውቁት ነገር አለ፤ አሁኑኑ ይፍቷቸው!"

"እንዴ! አንተው አይደለህ ይገዝቱልኝ ብለህ የለመንኸኝ?" አሉ ቄሱ። አሉም በቅዳሴ ድምፃቸው።

ጋሽ ወንዳወቅ ሰሙ። ዞር ብለው አዩኝ። ምን እንደመሰልሁ እንጃ፣ እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ከቄሱ ፊት ተንበረከኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሏቸው።

እኔ አንድ ሙሉ ትምህርት ጠብቄ ነበር። ክቡርነታቸው ከጉልበታቸው ሳይነሡ ወደ ፊት ጎማው ዳኹ። ከነሙሉ ልብሳቸው ጭቃው ላይ ተኙና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ።

"አልተቆለፈም" አሉ።

አሮጌ መኪና የፊት ጎማው መሐል በእጅ የሚዞር ክብ ነገር አለው፤ ሎክ ይሉታል። እሱ ካልዞረ ማርሹን ብትስብ፣ መብራቱ ቢበራ፣ ኃይሉ እስከ ጎማው ደጃፍ ይመጣና ደጁ ተዘግቶ ይመለሳል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ይህ ሁሉ ከውስጥ ይሠራል፤ ትዕዛዙ ከየት ይወቀው! ሦስት ገጽ የሚሆን ነገር ነው፤ ጋሽ ወንዳወቅ በአንድ ቃል ጨረሱት። በቀኝ ጭቃውን ቧጥጠው አዞሩት። ተንከባለው ወደ ግራ ሄዱና ያኛውንም አዞሩት።

"ትዕዛዙ፣ ፎር ሎው። ሁለተኛ ማርሽ። ነዳጁን እንዳትረግጠው፤ ዳብሰው።"

የፊት ጎማዎች ዞሩ! ያ ሁሉ ሰዓት ቆመው ሲያዩን የነበሩት ጎማዎች ጭቃውን ነክሰው ያዙ፤ መኪናዋ አቃሰተች፣ ተነሣች፣ ወጣች! ገበሬዎቹ ጮኹ፣ እኔ ጮኽሁ፣ አቶ ዳኘው ጭቃ የለበሰ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ እንደ ጎረምሳ ፎከሩ። ጋሽ ወንዳወቅ ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ከአቶ ይርሳው ደጅ ስንደርስ ስድስት ከሩብ ሆኗል። የቡሬዎቹ ሽማግሎች ቀድመው መጥተው፣ ማዶ ከዋርካው ሥር ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። የእኛዎቹ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ገቡ። ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ እኔ መግባት አይገባኝም፤ ከትዕዛዙ ጋር ከአጥሩ ጀርባ ተለጥፌ መስማት ግን ማንም አልከለከለኝም።

"ስድስት ሰዓት አልፏል፣ አባቴ" አሉ አቶ ይርሳው። "ቃል ነበረን።"

ቄስ ገብረሰንበት ውሸት አይሆንላቸውም። ጭቃውን ተናገሩ፣ ጎማውን ተናገሩ። በዚያ ቢያበቁ ምን ነበረበት! "መላውንስ እኚህ ወንድማችን ያውቁት ነበር። እኛ ነን አፋቸውን በግዝት አስረን ያዘገየን" አሉ።

"በግዝት? ሽማግሌ? ማን ነው ያስገዘታቸው?"

አቶ ዳኘው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

"ልጁ ነው እንዳትሉኝ" አሉ አቶ ይርሳው፤ ድምፃቸው ከበደ። "ለእሱ ጉዳይ ብሎ ዝናብ ለዝናብ የመጣን ሽማግሌ አፍ የሚያዘጋ ሰው፣ ነገ የልጄን አፍ ይዘጋል። እንዲህ ላለ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም።"

አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ክፋቱ እውነታቸውን ነው። ጋሽ ወንዳወቅ ደግሞ በዕድሜያቸው አንድ ስሕተት ሰምተው ሳያርሙ ያለፉ ሰው አይደሉም። አለቀልኝ አልሁ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ፤ ሊናገሩ ነው።

"እኔው ነኝ" አሉ ጋሽ ወንዳወቅ።

"እርስዎ?"

"እኔው ነኝ ይገዝቱኝ ያልሁ። ምላሴ ክፉ ነው፣ ሰው ያሰለቻል፤ አውቀዋለሁ። ሹፌሩን እንዳላውከው ብዬ ነው።" ከዚያ ጨመሩበት። "ልጁማ እኔን አድምጦ አይጠግብም።"

ቄሱን ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ውኃ ተሰጣቸው። ከዚያ አቶ ይርሳው ሲስቁ ሰማሁ። እኚያ ኮስታራ ሰውዬ! "እንግዲያው ምን ቆማችኋል፣ ተቀመጡ" አሉ። ቀጥሎ የተባለውን አልሰማሁትም፤ ከጓዳ እልልታው ስለፈነዳ። ትዕዛዙ አንቆ ያዘኝ፤ እኔ የሱን እጅ ይዤ አለቀስሁ። የቡሬዎቹ ሽማግሎች እልልታውን ሲሰሙ ተነሥተው ከዘራቸውን አነሡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወጡ ቄስ ገብረሰንበት በአጠገቤ እያለፉ "ስለ ውሸቱ አርባ ስግደት አለ። እሱ አይሰግድም፤ አንተ ነህ የምትሰግደው" አሉኝ በጆሮዬ። እኔ ጋሽ ወንዳወቅ እግር ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

"ተው ልጄ፣ ጭቃ ነው" አሉ። ዓይኔን አላዩም። "ይልቅስ ሽንዲ ስንደርስ ፎሩን አስወጣው፣ ሎኩንም አስፈታው። ጠንካራ መንገድ ላይ በፎር አይነዳም።"

"ለምን?" አልኋቸው።

አቶ ዳኘው በድንጋጤ ዞር ብለው አዩኝ፤ ቄሱ አማተቡ። መልሱን ደግሞ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጋሽ ወንዳወቅ ምናልባት እየቀለድሁባቸው እንደሆነ ፊቴን አጠኑት፤ አጠኑትና ቀስ ብለው እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ።

"እውነት ልንገርህ?"

"ይንገሩኝ።"

ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ እንደሚሄዱ፣ ጭቃው እያንሸራተተ እንደሚያስማማቸው፣ ጠጠርና አስፋልት ላይ ግን አንዱ ሌላውን እንደሚጎትትና ብረቱ እንደሚጨነቅ፣ በሁለት እጃቸው አሳዩኝ፣ በእኔም ሁለት እጅ አሳዩኝ። ቡሬ ስንደርስ ገና ከመጀመሪያው ኩርባ አልወጡም ነበር።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አልኋቸው።